የቃሬዛ ተራ፦ ከሮብ ገበያ እስከ ማርቆስ

የስናን ሰው ለመታከም ምንጊዜም ቁልቁል ነው የሚወርደው። የወረዳዋ ከተማ ሮብ ገበያ የጮቄን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ከበላይዋ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ የሚዘራበት ውርጫም ደጋ አለ፤ ከዚያ ካለፉ ጓሳና ጅብራ ነው። ሐኪሙ ያለው ከታች፣ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እኛ ማርቆስ ብቻ ነው የምንላት። ጤነኛው በእግሩ ግማሽ ቀን የሚወርደውን ያን መንገድ በሽተኛው በሰው ትከሻ ነበር የሚወርደው።

ስለ ማርቆስ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የነገሥታትና የመኳንንት ነው። መንቆረር ይባል የነበረውን ቦታ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ እንዳሰኙት፣ ራሳቸውም ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው ዘውድ እንደደፉ ተምረናል፣ አስተምረናልም። በሽተኛ ተሸክሞ ያን ቁልቁለት ስለወረደ ገበሬ ግን የተማርነው ነገር የለም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ባስተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ቃሬዛ የሚል ቃል አላየሁም። አሁን ይህን የምጽፈው አብረውኝ የተማሩት ሰዎች አርጅተው በሽታ ስለበዛባቸው፣ እኔም ከነሱ አንዱ ስለሆንኩ ነው። አንዳችን ስንታመም ሌሎቻችን የምናደርገው ነገር አለ፤ ያን ከየት እንደወረስነው ልናገር።

ቃሬዛ የሚሠራው ከሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣናዎች ነው። በመካከላቸው ጠፍር ወይም ገመድ ይጠላለፋል፣ ከላይ ቁርበት ይነጠፋል። ሕመምተኛው ጋቢ ለብሶ፣ በላዩ ባና ተደርቦለት ይተኛል፤ ከበግ ጠጉር ከሚሠራው ከባና በቀር የጮቄን ብርድ የሚመክት የለም። አራት ሰው ይሸከማል፣ ተለዋጮቹ ከኋላ ይከተላሉ። ዳገት ሲሆን ራስጌው ወደ ፊት ይዞራል፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ፤ የሕመምተኛው ራስ ከእግሩ ዝቅ እንዲል አይፈቀድም። ረዣዥሞቹ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሰለፉት በዝቅተኛው ወገን ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ልጅ ሆነን ከኋላ እየተከተልን፣ የአባቶቻችንን ዱላና ጫማ እየተሸከምን ያየነው ነው።

በቃሬዛ የሚወጣው በሽተኛ ብቻ አይደለም፤ አስከሬንም በሱ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ «ቃሬዛ ላይ አታውጡኝ፣ በቅሎዬን ጫኑልኝ» እያሉ ሲያስቸግሩ የኖሩት። አንዳንዱም በቅሎው ላይ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጎረምሳ ደግፎት፣ እያቃሰተ ይወርድ ነበር። ሴቶቹ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበራቸውም። ምጥ የጠናባት ሴት በበቅሎ አትሄድም። በኛ ደጋ ቃሬዛ ከማንም ይልቅ ያገለገለው እናቶችን ነው ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

ሸክሙን የሚያዝዘው እድሩ ነበር። እድር ከከተማ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ አሉ፤ በኛ ቀዬ ከሱ በፊት ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ነበሩ፣ ስሙ ቢለያይም ሥራው ያው ነው። ጥሩምባ የሚነፋው ለሞት ስለሆነ ለበሽተኛ ልጅ ይላካል። ልጁ በየደጁ ቆሞ «አያ እገሌ ታመዋል፣ ጎህ ሲቀድ ይወርዳሉ» ብሎ ያልፋል። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ጥቂት ሳንቲም ወይም ማድጋ ጠላ ነበር፤ ዋናው ቅጣት ግን ስሙ በሰንበቴው ፊት መጠራቱ ነው። ይህን የቅጣት ነገር ለከተማ ሰው ስነግረው ይከፋዋል፤ ደግነት በቅጣት እንዴት ይሆናል ይላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። የሰው ደግነት በአዝመራ ወቅት ያንሳል፣ ክረምት ጨሞጋ ሲሞላ ያንሳል፣ ከበሽተኛው ጋር በድንበር የተጣላ ጎረቤት ዘንድ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ቅጣቱ ያን የተጣላውን ሰው ጭምር ጎትቶ ትከሻውን ያሰጠው ነበር። በመንገድ ላይ የታረቁም አሉ።

በመንገድ ላይ ዝም አይባልም፤ ዝምታ ለአስከሬን ነው። የተሸከመውም የተከተለውም ያወራል፣ ይቀልዳል፣ በሽተኛውን ራሱን ይነካካዋል። «አያ፣ ጤነኛ ሳሉ እንዲህ አይከብዱም ነበር» ይሉታል። ከቀልዱ መሀል የሚነገር ቁም ነገርም አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው እሱን ነው። የእድሩ ዳኛ ከቃሬዛው ጎን እየሄደ ለበሽተኛው የቤቱን ጉዳይ ይዘረዝርለታል፦ የገብሱ ማሳ ወንፈል ይወጣበታል፣ በሬዎቹን እገሌ ያውላል፣ ልጆቹ እገሊት ዘንድ ያድራሉ። በሽተኛው አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ አንዳንዴ «ያ ጎራዳው በሬ ይዋጋል፣ ለልጅ አትስጡት» ብሎ ያርማል። ሲያርም የሰሙት ሁሉ ደስ ይላቸው ነበር፤ በሬውን ካሰበ ለመመለስ አስቧል ማለት ነው።

ቀኑ ሮብ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ይቀላል። ገበያችን የሚቆመው በዚያ ቀን ነው። ከየጎጡ ገበያ የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶ ይመጣል። ቃሬዛ ሲያይ አህያውን ወደ ዳር ይነዳል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ጋቢውን አጣፍቶ የደከመውን ሰው ትከሻ ይቀበላል። የበሽተኛውን ስም ሳያውቅ ጥቂት ተሸክሞ ለሌላ አስረክቦ ወደ ገበያው ይመለሳል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሻለው፣ ማን እንደሞተ ወሬው ወደየጎጡ የሚበተነውም ከዚያ ነው።

ከታች ሲደረስ ምን ይገኝ ነበር? በአያቶቻችን ዘመን ወጌሻ፣ ዋግምት የሚያግም፣ ጠበል። በኛ ልጅነት ማርቆስ ሆስፒታል ነበራት፤ ነገር ግን ሰው ወደዚያ የሚወርደው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ስለነበር ብዙው በቃሬዛ ወርዶ በቃሬዛ ተመልሷል።

እኛ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተወለድነው ልጆች በሁለት ዘመን መካከል የወደቅን ነን። በክፍላችን ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ ልጆች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና መንግሥት የፈንጣጣ ማጥፊያውን ዘመቻ በኢትዮጵያ የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ክትባቱን በደስታ አልተቀበለውም። አንደኛ፣ ሕዝቡ የራሱ አከታተብ ነበረው፤ ከበሽተኛው ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ሸርከት አድርጎ ያስገባ ነበር። ሁለተኛ፣ ይህ የራሴ ግምት ነው፣ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው አመፅ ገና አልተረሳም ነበር፤ ከመንግሥት የሚመጣ ሰው መዝገብ ይዞ ከታየ ግብር እንጂ መድኃኒት አመጣ ብሎ የሚያምን አልነበረም። የሆነ ሆኖ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከኛ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ፊት ላይ ያ ጠባሳ የለም።

ታላላቆቻችን በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ሲዘምቱ እኛ ገና ሚኒስትሪ አልተፈተንንም። ፈተናውን ስናልፍ ማርቆስ ወረድን። አራትና አምስት ሆነን አንዲት ጠባብ ክፍል እንከራያለን። ዓርብ ከትምህርት ስንለቀቅ ዳገቱን ወጥተን እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን እንመለሳለን፤ ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። በአንድ ባና ሥር ተደራርቦ የሚተኛ ልጅ ቅማል አያጣም፣ ቅማል ባለበት ደግሞ ተስቦና ግርሻ አይጠፉም። ግርሻ ክፉ ነው፤ ተሻለው ተብሎ ደብተሩን ከያዘ በኋላ ተመልሶ ይጥለዋል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ የክፍላችን አለቃ የነበረው ልጅ በተስቦ ወደቀ። እድር የለን፣ ሽማግሌ የለን። ሁላችንም ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ነበርን። የአከራያችንን የበር ሳንቃ ነቅለን፣ ገመድ አስረንበት ሆስፒታል አደረስነው። ከዚያ ተራ አወጣን፦ አንዱ ከሱ ጋር ያድራል፣ አንዱ ትምህርቱን ይጽፍለታል፣ አንዱ ዳገቱን ወጥቶ ለእናቱ ይነግራል። ማንም አላዘዘንም፣ አባቶቻችን የሚያደርጉትን ነው ያደረግነው። ደብተሩን የጻፈለት ልጅ የእጅ ጽሑፉ መጥፎ ስለነበር አለቃችን ከዳነ በኋላ በበሽታው ሳይሆን በደብተሩ ነው ሲያማርር የከረመው። አከራያችንም የሳንቃውን ዋጋ አስከፍለውናል።

ሌላው ጓደኛችን ዕድሉ እንዲህ አልነበረም። በሒሳብ ማንም አይደርስበትም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ እግሩ ማበጥ ጀመረ። በየጊዜው ምች መታው እየተባለ በትኩሳት ይተኛል፤ ሲነሣ እብጠቱ ይጨምራል። በዘር ነው ተባለ፣ እርግማን ነው ተባለ፣ አብሮት የሚቀመጥ ጠፋ። ትምህርቱን ተወ። ያን ጊዜ ሁላችንም በባዶ እግራችን ነበርን። ምክንያቱን በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አጥንቶ ያሳየው በኋላ ነው፦ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ፣ በቤተሰቡ ተጋላጭነት ባለበት ሰው ላይ የሚያመጣው እብጠት ነው። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በተደረገ ጥናት ከ100 ሰዎች ከሦስት በላይ የሚሆኑት ተይዘው ተገኝተዋል።

ይህ ጓደኛችን ዛሬ እግሩን በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ያደርጋል። የሚደንቀው የሕክምናው ቀላልነት ነው። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል፤ መታጠብ፣ መቀባት፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ እግር ማንቀሳቀስና ጫማ ማድረግ ያን ምች የሚሉትን የሕመም ቀን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሳሙናና ጫማ! ይህ በልጅነታችን ታውቆ ቢሆን ኖሮ እሱ መሐንዲስ ይሆን ነበር እላለሁ። እሱ ራሱ ግን እንዲህ ያለ ወሬ አይወድም። «ወንድማለም፣ ያለፈውን ተወው፣ ጫማዬ ጠቦኛል፣ ከማርቆስ ሰፋ ያለ አምጣልኝ» ነው ያለኝ። ልዩ ልክ የሚሰፋ ሰው ፈልገን አሰፋንለት።

ከልጅነታችን ወዲህ ቃሬዛ ቀስ በቀስ ወደ ጓዳ ገባ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ተመደቡ፣ ጤና ኬላ ተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አምቡላንስ ወደየወረዳው መጣ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቆይቶ ወደኛ ደረሰ፤ ከክልላችን መጀመሪያ የሞከሩት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍሎ መታወቂያ መያዝ ለገበሬው እንግዳ አልነበረም፤ እድር ያሳደገው ሰው ነው።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው። አምቡላንስ በሽተኛውንና አንድ አስታማሚ ይዞ ይሄዳል፤ ከኋላ የሚከተሉት ሰዎች ቀሩ። ስለ በሬውና ስለ ማሳው የሚነግረው ሰው የለም። ይህን የምለው አምቡላንሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለስንቷ ወላድ ደርሶላታል። ነገር ግን ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሆኑበት ሽማግሌ ዛሬ ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አስታማሚ አለህ?» ተብሎ ነው። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል የሚሮጥ፣ ደም ሲታዘዝ የሚፈልግ፣ ሌሊት መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። የሌለው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይህን በአንድ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ከጎኔ በነበረ አልጋ ላይ አይቼዋለሁ።

እኛ የቀረነው ጓደኛሞች የተሰባሰብነው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በወር አንዴ እየተገናኘን ጠላ ከመጠጣትና የድሮ አስተማሪዎቻችንን ከመኮረጅ ያለፈ ሥራ አልነበረንም። አሁን መዝገብ አለን። እያንዳንዱ ሳምንት ሁለት ተረኛ አስታማሚ አለው፦ አንዱ ማርቆስ፣ አንዱ አዲስ አበባ። የቀረ ይቀጣል፤ ይህን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የታመመው ሰው ዘንድ የሚሄድ ተረኛ «አይዞህ» ብቻ ብሎ እንዲመለስ አንፈልግም። የቤቱን ጉዳይ ይዞ መሄድ አለበት፦ ጡረታው ወጥቷል፣ ድንቹ ተቆፍሯል፣ የልጅ ልጅህ ፈተናውን አልፏል።

የበሽታችን ዓይነት ተለውጧል። ተስቦና ግርሻ ቀርተው ስኳር፣ ደም ግፊትና የዓይን ሞራ ገቡ። እኔ ስኳር አለብኝ። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ሲባል የቆላ ጓደኞቼ ፍሪጅ ፍለጋ ይጨነቃሉ፤ የኔ ቅል ውስጥ ነው፣ ሮብ ገበያ ራሷ ፍሪጅ ናት። የክፍል አለቃችን ሞራው ተገፎለት የመጀመሪያ ቀን ያየው የኔን ፊት ነው፤ «እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?» ነው ያለው። ከሴቶቹ ጓደኞቻችን አንዷ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚገኘው፤ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ። በራሷ ቤት ተከራይታ ብትኖር አትችለውም ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቻችን በየቤታቸው ተቀባበሏት፣ እኛ ከዚህ የቤቷን ነገር ያዝን፦ ላሟ ወለደች፣ ጥጃዋ ወይፈን ናት ብለን በስልክ ነገርናት። «ወይፈን ወንድ ነው፣ እናንተ አስተማሪዎች!» ብላ ሳቀችብን። አሁን ቤቷ ናት፣ በክትትል ላይ። የሞቱብንም አሉ፤ እነሱንም ተራ ይዘን ነው እስከ መጨረሻው ያስታመምናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ቀን አምቡላንስ አይንቀሳቀስም፣ ቃሬዛውም ከጓዳ ይወጣል። ወጣቶቹ አያያዙን አያውቁትም፤ ቁልቁለት ላይ ራስጌውን ወደ ፊት አድርገው ሲወርዱ አይቼ ጮኼባቸዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሮብ ከገበያ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበን ለወጣቶቹ አሳየናቸው፦ ረዥሙ የት እንደሚገባ፣ ትከሻ ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ። ሸክሙን በሳሎቹ ጎልማሶች ናቸው ያሳዩት፤ ተኝቶ በሽተኛ የሆንኩላቸው እኔ ነኝ። ጉልበቴ ለሌላው አልሆነም።

በ1960ዎቹ ከሮብ ገበያና ከዙሪያዋ ወርዳችሁ ማርቆስ የተማራችሁ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ማዶ፦ ገንዘብ መላካችሁ ደግ ነው፣ እናመሰግናለን። ከሱ በፊት ግን ደውላችሁ የትኛውን ሳምንት እንደምትይዙ ንገሩን። የአዲስ አበባው ተራ ለመጪው ጥቅምት አልሞላም።